ደሜ ፈላ ስንል ደማችን ምን ይሆናል?

ሰው ሲናደድ «ደሜ ፈላ» ይላል። ክፉ ወሬ ድንገት ሲሰማ «ክው አልኩ» ይላል። የሚወደው ሰው ሲለየው ደግሞ «ልቤ ተሰበረ» ይላል። እነዚህ አነጋገሮች ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናቸው እንጂ ከሥነ ሕይወት መጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ስሜት ከደምና ከልብ ጋር ግንኙነት እንዳለው ከጥንት ጀምሮ የታዘበ መሆኑን ያስረዳሉ። ታዲያ ይህ ትዝብት ምን ያህል እውነትነት አለው? ንዴት፣ ድንጋጤና ኀዘን በእርግጥ ደማችንን ይነኩታል ወይስ ይህ ሁሉ የአነጋገር ጌጥ ብቻ ነው?

በክፍል ውስጥ ስለ ደም መርጋት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ጣት በቢላዋ ሲቆረጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል። ነገር ግን ነገ በየገጠሩና በየከተማው ተመድበን ስናስተምር ተማሪዎቻችን ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ያነሡብናል። «መምህር፣ አባቴ ተናዶ ወደቀ፤ ንዴት ሰው ይገድላል እንዴ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ለዚህ ልጅ «አይ፣ ዝም ብሎ ወሬ ነው» ማለትም፣ «አዎን፣ ይገድላል» ማለትም ትክክል አይሆንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

1. ደም እንዴት ይረጋል?

በመጀመሪያ የምናውቀውን እንከልስ። ደም በደም ሥር ውስጥ ሲዘዋወር ፈሳሽ ነው፤ ከደም ሥር ሲወጣ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ሁለቱም ጠባዮች ባይኖሩት መኖር አንችልም ነበር። ጨርሶ የማይረጋ ቢሆን ኖሮ ቁስል ያገኘው ሰው ሁሉ ደሙ ፈሶ ያልቅ ነበር። በየደም ሥሩ ውስጥ የሚረጋ ቢሆን ደግሞ ልብ የሚገፋው ነገር አያገኝም ነበር።

የመርጋቱ ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከናወናል።

ሀ. የተቆረጠው ደም ሥር ይኮማተራል፤ በዚህም የሚፈሰው ደም ይቀንሳል።

ለ. ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች በተቆረጠው ቦታ ላይ ተጣብቀው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በጤነኛ ሰው አንድ ኩብ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱ ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። ዕድሜያቸው ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ መቅኔ ዘወትር ሳያቋርጥ አዳዲሶችን ይሠራል።

ሐ. በጉበት የሚዘጋጀውና በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ወደ ፋይብሪን ክርነት ይለወጣል። ክሮቹ እንደ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ተጠላልፈው ቀይ የደም ሕዋሳትን ይይዛሉ። እኛ የረጋ ደም የምንለው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ሰውነት የሚያረጋ ብቻ ሳይሆን የረጋውን መልሶ የሚያሟሟ ዝግጅትም አለው። ሁለቱ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ናቸው። ጤና ማለት ሚዛኑ ተስተካክሎ ሲቆም ነው። ስሜት የሚነካውም ይህንኑ ሚዛን ነው።

2. የፕሮፌሰር ካነን ድመቶች

ዋልተር ካነን (1871–1945 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ፍርሃትና ቁጣ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ ብዙ ምርምር ያደረጉት በድመቶች ላይ ነው። ድመት ውሻ ሲጮህባት ጸጉሯ ይቆማል፣ ልቧ ይመታል፣ የዐይኗ ብሌን ይሰፋል። ካነንና የሥራ ጓደኞቻቸው እንዲህ ከደነገጠች ድመት ደም ወስደው ሲመረምሩ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙበት። አድሬናሊን ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ደግሞ ካነንና ሜንደንሆል የተባሉት ባልደረባቸው ሌላ ጥያቄ አነሡ። በስሜት የተነሣሣ እንስሳ ደም ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ ይወስድበታል? ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ለድመቷ ጥቂት አድሬናሊን ሲሰጣት ደሟ ከቀድሞው ፈጥኖ ረጋ። ወደ አድሬናል ዕጢ የሚሄደውን ነርቭ ሲቀሰቅሱትም እንዲሁ ፈጥኖ ረጋ። ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነርቩን ቢቀሰቅሱ ግን ያ ለውጥ አልታየም። እንግዲህ የስሜቱ መልእክት ከአንጎል ተነሥቶ፣ በነርቭ ተጉዞ፣ በዕጢው በኩል ደም ዘንድ የሚደርስ መሆኑ ታወቀ።

ካነን ይህንን ያብራሩት በቀላል አነጋገር ነው። እንስሳ የሚቆጣው ወይም የሚፈራው ሊዋጋ ወይም ሊሸሽ ሲል ነው። በሁለቱም ጊዜ መቁሰል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሰውነት ቁስሉ ከመምጣቱ አስቀድሞ ደሙን ያዘጋጃል፤ የተነከሰ እንደሆነ ቶሎ ረግቶ ሕይወቱን እንዲያተርፍ ነው። እንግዲያው «ደሜ ፈላ» የምንለው ደማችን ፈልቶ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ለመርጋት እየተሰናዳ ነው!

ከካነን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን አሟልተውታል። አድሬናሊን ፕሌትሌቶችን ይበልጥ ተጣባቂ ያደርጋቸዋል። ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ለመርጋት የሚያግዙ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ከደሙ ውስጥ ጥቂት ውሃ ከደም ሥር ወደ ውጭ ስለሚያልፍ የቀረው ደም ወፈር ይላል። በዚያው ጊዜ ግን የማሟሟቱ ሥራም አብሮ ይነሣል። በመሆኑም ጤነኛ ደም ሥር ያለው ሰው ተናዶ ሲበርድለት ሚዛኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው የሚመጣው ደም ሥሩ አስቀድሞ በታመመ ሰው ላይ ነው፤ በእርሱ ዘንድ የማርጋቱ ወገን ያመዝናል።

3. ጠላቱ ጅብ ሳይሆን ደብዳቤ ሲሆን

አንድ ገበሬ ሌሊት ከብቶቹ በረት ዘንድ ጅብ ሲመጣበት አድሬናሊኑ ይጠቅመዋል። ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ዱላ ያነሣል። ጉልበቱ ሥራ ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ይበርድለታል።

ዛሬ ግን አብዛኞቻችንን የሚያስቆጣን ጅብ አይደለም። የዕዳ ጉዳይ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የጎረቤት ነገር፣ ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ ነው። ሰውነታችን ደብዳቤውን ከጅቡ ለይቶ አያውቅም። በዚያው በጥንቱ ሥርዓት የልብ ምቱን ያፋጥናል፣ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ደሙን ለመርጋት ያሰናዳል። ሰውየው ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሩጫም የለ፣ ቁስልም የለ። የተዘጋጀው ሁሉ ሥራ አጥቶ ይቀራል።

አሁን የሰውየው ደም ቅዳ ቧንቧ የታመመ ነው እንበል። ሲጋራ ማጨስ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና በደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮል ለብዙ ዓመታት በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የስብ ክምችት ይፈጥራሉ። ይህ ክምችት ስስ ሽፋን አለው። ንዴት ሲመጣ ግፊቱ ድንገት ከፍ ብሎ ይህን ሽፋን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስንጥቁ ትንሽ ነው፤ ሰውነት ግን እንደ ቁስል ይቆጥረዋል። የተዘጋጁት ፕሌትሌቶች ይሰበሰባሉ፣ ፋይብሪን መረቡን ይዘረጋል፣ ደም ይረጋል። ይህ ሁሉ በእጅ ላይ ቢሆን ፈውስ ነበር። የልብን ጡንቻ በሚመግበው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ሲሆን ግን መንገዱን ይዘጋል። ደም ያልደረሰው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይህ ነው። እንግዲህ ሊያድነን የተፈጠረው ዝግጅት ያለ ቦታው ሲሠራ ገዳይ ይሆናል ማለት ነው።

4. ማስረጃዎቹ ምን ይላሉ?

ይህ የሐሳብ ድርድር ብቻ እንዳይመስል በሰው ላይ የታዩ ነገሮችን እንጥቀስ።

ሀ. ጆን ሀንተር በ18ኛው መቶ ዘመን በለንደን የታወቁ ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ ነበሩ። የደረት ውጋት ነበረባቸው። የሚያናድዳቸው ሰው ሕይወታቸውን በእጁ እንደያዘ ይናገሩ ነበር። እንዳሉትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1793 በሚሠሩበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሥቶ ሳለ ወጥተው ወደቁና ሞቱ። ስብሰባ ለምንወድ ሁሉ ይህ ትምህርት ይሆነናል!

ለ. እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በልብ ምክንያት ድንገት የሚሞቱት በአማካይ በቀን 4.6 ሰዎች ነበሩ። በመንቀጥቀጡ ቀን ግን 24 ሆኑ። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ቁጥሩ ከተለመደው በታች ወረደ። ይህ የሚያሳየው ድንጋጤው በአብዛኛው የጨረሰው ልባቸው አስቀድሞ የታመመውንና ለሞት የቀረቡትን ሰዎች መሆኑን ነው።

ሐ. እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም እግር ኳስ ዋንጫ በጀርመን አገር ሲካሄድ በሙኒክና በአካባቢዋ ያሉ ሐኪሞች በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዙትን ቆጥረው ነበር። የጀርመን ቡድን በሚጫወትበት ቀን ቁጥሩ ከሌላው ጊዜ 2.66 እጥፍ ሆነ፤ በወንዶች 3.26 እጥፍ፣ በሴቶች 1.82 እጥፍ። ብዙዎቹ የታመሙት ጨዋታው በተጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ሮጠው ላብ ሲወጣቸው፣ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ ታመመ።

መ. እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ 1,985 የልብ ሕመምተኞችን ጠይቆ ነበር። በጣም የሚወዱት ሰው በሞተባቸው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ 21 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 6 እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ።

እዚህ ላይ ቁጥርን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። «21 እጥፍ» ሲባል ኀዘንተኛ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። የትንሽ ነገር 21 እጥፍ አሁንም ትንሽ ሊሆን ይችላል። በዚያው ጥናት ስሌት መሠረት ለልብ ሕመም ብዙም ያልተጋለጡ 1,394 ሰዎች ቢያዝኑ በሳምንቱ ውስጥ በኀዘኑ ምክንያት የሚታመመው አንድ ሰው ነው። በጣም የተጋለጡት ከሆኑ ግን ከ320 አንድ ይሆናል። ኀዘኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ኀዘኑ ያረፈበት ደም ሥር ነው።

ሠ. ለረዥም ጊዜ የቆየ ውጥረትም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና በ52 አገሮች የተካሄደው ኢንተርሃርት የተባለው ጥናት 15,000 ያህል ሕመምተኞችን መርምሮ፣ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ዋና ዋና የሆኑ ዘጠኝ ነገሮችን ዘርዝሯል። ማጨስና የደም ስብ በመጀመሪያ ረድፍ ይገኛሉ። የኑሮ ጭንቀትና የመንፈስ ጭንቀት ከዘጠኙ እንደ አንዱ ተቆጥረዋል።

5. ልብ በእርግጥ ይሰበራል?

እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች አንድ ልዩ ሕመም ገለጹ። ሕመምተኛዋ ደረቷን ይዛ ትመጣለች፤ ምልክቱ ሁሉ ሃርት አታክ ይመስላል። ሲመረመር ግን የልብ ቧንቧዎቿ አልተዘጉም። የልቧ ግራ ክፍል ከታች ተነፍቶ ከላይ አንገቱ ጠቦ ይታያል። ቅርጹ ጃፓኖች ኦክቶፐስ የተባለውን የባሕር እንስሳ ከሚያጠምዱበት ገንቦ ጋር ስለተመሳሰለ በገንቦው ስም ታኮትሱቦ አሉት። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከብርቱ ኀዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ነው። ከተያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች ናቸው። አድሬናሊንና መሰሎቹ ከመጠን በላይ ወደ ልብ ሲጎርፉ ጡንቻው ለጊዜው ይደነዝዛል ተብሎ ይታመናል። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ ሆኖም አንዳንዶቹን ለሞት የሚያደርስ ስለሆነ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

እንግዲህ «ልቤ ተሰበረ» ያለችው እናት ተረት አላወራችም።

6. መርዶና የለቅሶ ቤት

ከላይ የኀዘንተኛ የመጀመሪያው ቀን ከባድ መሆኑን አይተናል። ይህ ነገር ወደ አገራችን የመርዶ ልማድ ይወስደናል። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲሁ በመንገድ ላይ አይጣልም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመካከራል፤ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ሄደው ይነግሩታል። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲጮህ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ አለ። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ኀዘንተኛን ብቻውን አለመተው ጥሩ ልማድ ነው፤ ሳይንሱ ከመጣ በኋላም ዋጋው አልቀነሰም። ዛሬ በስልክ፣ ያውም ሰውየው መንገድ ላይ ብቻውን እያለ ክፉ ወሬ መንገር እየተለመደ መጥቷል። ይህንን ልንቃወም ይገባል።

የማለዳው ሰዓት ግን ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ድንገተኛ የልብ ሕመም ይበልጥ የሚበዛው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ፕሌትሌቶቹም ይበልጥ ተጣባቂ ይሆናሉ። በዚህ ሰዓት መርዶ ሲጨመርበት ሁለት ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ይሆናል። ስለዚህ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ቢያንስ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርስ ቀምሶ፣ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ቢነገረው ምን ይጎዳል? ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ በጥናት የተረጋገጠ ደንብ አይደለም፤ ከአባቶችና ከእናቶች ጋር ልንወያይበት እንችላለን።

በለቅሶ ቤትም መታሰብ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ኀዘንተኛው አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይተኛም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱን ይረሳል። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ይውላል። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥና ውሃ አለመጠጣት ደግሞ በእግር ደም መልስ ቧንቧ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያግዛሉ። ስለዚህ ከቤተ ዘመዱ አንድ ሰው መድኃኒቱን የሚያስታውስ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ «እስቲ ተነሣና ጥቂት ተራመድ» የሚል ቢመደብ ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

7. ለመምህር ምን ይጠቅማል?

ሀ. ለማስተማሪያ። ፋይብሪንን በቃል ብቻ ከማስረዳት በአካባቢ በሚገኝ ዕቃ ማሳየት ይቻላል። አንድ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱና ከጎኑ ምስር በቀላሉ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አብጁለት። ውሃና ቀይ ምስር ቀላቅላችሁ ብትጨምሩ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፤ ይህ ቁስል ነው። ቀጥሎ የተጠላለፈ ክር ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ላይ አድርጋችሁ እንደገና ጨምሩ። ምስሩ በክሩ ይያዛል፤ የሚወጣውም ውሃ እየቀነሰ ይሄዳል። ምስሩ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ክሩ ፋይብሪን ነው።

ስሜት በልብ ላይ የሚያደርገውን ለማየት ደግሞ እኛው ራሳችን እንበቃለን። ለማስተማር ልምምድ ሰሌዳው ፊት ከመቆማችሁ በፊት የእጃችሁን የደም ምት ለ15 ሰኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ማታ በአልጋችሁ ላይ ጋደም ስትሉ ደግሞ ቁጠሩ። ልዩነቱን ጽፋችሁ ያዙ። ሕፃናትን አስደንግጦ የልብ ምት ማስቆጠር ግን ከመምህር አይጠበቅም።

ለ. ለአነጋገር። ቤተሰቡ ላይ አደጋ የደረሰበትን ተማሪ በክፍል ፊት ጠርቶ ወሬውን መንገር ተገቢ አይደለም። የሥራ ባልደረባም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሰው ይዞ፣ አስቀምጦ፣ በቀስታ መንገር የሚቻል ነው። የልጅ ልብ ጠንካራ ነው ብሎ ማመካኘት አያዋጣም፤ ልጁን በበሽታ ባይጥለውም ያቺን ቀን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም።

ሐ. ለራስ። መምህር በየቀኑ የሚያናድደው ነገር አያጣም። ሁልጊዜ እየጮኸ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን የቀጣ ይመስለዋል እንጂ በየክፍለ ጊዜው የገዛ ልቡን እያስጨነቀ ነው። በቀስታ መተንፈስ፣ ከሥራ በኋላ በእግር መሄድ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ የከበደን ነገር ለታመነ ጓደኛ ማካፈል ዋጋ የማይጠይቁ ናቸው። ሲጋራ ውጥረትን ያስረሳል የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ደም ሥርን ይጎዳል፣ ፕሌትሌቶችንም ይበልጥ ተጣባቂ ያደርጋል። ጫትም ቢሆን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዕድሜው ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ግፊቱን መለካት አለበት፤ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይኖራልና።

መ. ለአደጋ ጊዜ። ሰው ከተናደደ ወይም ከደነገጠ በኋላ ደረቱን ጭንቅ ካለው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበውና ትንፋሽ ካጠረው «ብስጭት ነው፣ ያልፋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሳይውል ሳያድር፣ እንዲያውም ሳይዘገይ በዚያችው ሰዓት ወደ ሕክምና ቦታ ማድረስ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ የልብ ጡንቻ የሚሞትባት ደቂቃ ናት።

8. ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ የልብ ሕመም ሁሉ ከስሜት የመጣ አይደለም። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው ሩማቲክ የተባለው የልብ በሽታ የሚነሣው በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት የያዘውን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ልቡን ማዳን ሊሆን ይችላል። ይህን ሳናውቅ «ሲበሳጭ ኖሮ ነው» ብንል ሕመምተኛውን በማይገባው እንወቅሳለን።

ሁለተኛ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ። አስፒሪን ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ የሚከለክል ስለሆነ ሐኪሞች ለአንዳንድ የልብ ሕመምተኞች ያዝዙታል። ይህን ሰምቶ «ተናድጃለሁና ልዋጥ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ካጋደለ በጨጓራ ወይም በአንጎል ውስጥ መድማትን ያመጣል። መድኃኒት የሚታዘዘው በሐኪም ነው።

ማጠቃለያ

ያ «ንዴት ሰው ይገድላል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀን ልጅ መልስ ይጠብቃል። ንዴት ብቻውን ጤነኛን ሰው ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ በታመመ ደም ሥር ላይ ሲወድቅ ግን ሊገድል ይችላል ብለን እንመልስለት። ደም ሥሩን በጊዜ መጠበቅ፣ ክፉ ወሬንም በደግ አንደበት መናገር በሰው እጅ ያለ ነገር መሆኑን ጨምረን እንንገረው። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱን «ግፊትህን ተለክተሃል ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ከክፍል ወጥቶ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደም በሚረጋበት ጊዜ የፕሌትሌትና የፋይብሪን ሥራ ምንድን ነው?
2. የድመቷ አድሬናል ዕጢ ከወጣ በኋላ ነርቩ ቢቀሰቀስም የመርጋቱ ፍጥነት ያልተለወጠው ለምንድን ነው?
3. ፍጥነት የጨመረ የደም መርጋት ለየትኛው ሰው ይጠቅማል? ለየትኛውስ ይጎዳል?
4. «21 እጥፍ» እና «ከ1,394 አንድ» የሚሉት ቁጥሮች እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ?
5. በአካባቢያችሁ መርዶ የሚነገረው እንዴት ነው? የትኛው ክፍል ሊጠበቅ፣ የትኛውስ ሊሻሻል ይገባል?